ማጥፊያው ጋ የቆምኩት

ሬዲዮ ላይ ጠየቁት፦ «ዘፈኖችህ ለምንድን ነው የሚያጥሩት?»
ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጥበብ ነው» አለ፤ አመኑት።
እኔም አልቃወምም፤ ጥበብ ነው፣ ስም ካወጡለት።
ግን ያኔ፣ ሻርጃ፣ ሮላ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣
ስድስት ሆነን በምናድርባት ክፍል፣ መስኮቷ ግድግዳ የሚያይ፣
ማብሪያ ማጥፊያው ጋ የቆምኩት ሰው እኔ ነኝ፤
ጥበብ ሲባል እስከ ዛሬ ላብ ላብ የሚሸተኝ።

ዘይኑ ቀን ኤሲ ይጠግናል፣ ከኩንጁሞን ጋር፣ ከጣሪያ ጣሪያ፤
የሰው ቤት ሲያቀዘቅዝ ይውላል፣ ለራሱ ሳያገኝ ጥላ ማረፊያ።
ማታ ዘይት የጠጣ ጣቱን በልብስ ሳሙና ፈትጎ፣
ከአንድ ፊሊፒኖ የገዛትን ኪቦርድ ጭኑ ላይ አድርጎ፣
ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ያለ ድምፅ ሲጫወት ያነጋል፤
ለኛ የሚሰማን የቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ነው፤ አይጥ ይመስላል።
ሳዲቅ አንድ ሌሊት ጫማ ወረወረበት።
ጫማውን አንስቶ ከአልጋው ሥር አስቀመጠለት።

እታገኘሁን ያገኘናት ዓርብ ነው፣ የገንዘብ መላኪያው ሰልፍ ላይ፤
ወረፋ ቁጥሯን ጨብጣ ታንጎራጉራለች፣ ዓይኗ ከመስታወቱ ወዲያ ሲያይ።
ዘይኑ ተራውን ለቀቀ። የኔንም አስለቀቀኝ።
(ያን ቀን ለእናቴ ሳልልክ መቅረቴ ይቆጨኛል፤ ይቆጨኝ።)
እረፍቷ በወር አንድ ዓርብ ነው፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት፤
ከመግሪብ አንዲት ደቂቃ ብታልፍ፣ የሚመጣው ወር ዓርብ የላት።

ፍራሾቹን ግድግዳው ላይ አቆምን። ማይኩን ካልሲ አለበስን፤
የማን እንደሆነ እንጃ፤ ንጹሕ ነው ብለን ግን ማልን።
ነሐሴ ነው። አስፋልቱ የጫማ ሶል ይልሳል።
ኤሲያችን ደግሞ አሮጌ፣ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤
የከተማውን ሁሉ የጠገነ ሰው የኛን ዝም ማሰኘት አቅቶታል።
«ሸምሴ፣ አጥፋው» አለኝ። አጠፋሁት።
ያንን ዝምታ፣ ባሕር ከተሻገርኩ፣ ያን ቀን ነው የተዋወቅሁት።

አንደኛው ደቂቃ ደህና። ሁለተኛው፣ አንገት ሥር ወንዝ።
በሦስተኛው ዓይን መፍዘዝ፣ ጉልበት መደንዘዝ።
እሷ ጨፍናለች፤ አገጯ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል፤
ሦስት ደቂቃ ከአሥር። ድምጿ ሊሰነጠቅ ሲል ዘይኑ እጁን ያነሳል።
እኔ እጫነዋለሁ። ዘፈኗ አለቀች ይባላል።

ሁለተኛ አንጓ ነበራት። የትም አልተቀዳም።
ሰቆጣ የቀሩ ልጆቿን ስም በስም የምትጠራበት፤ ሙቀቱ አልፈቀደም።

ኤሲው ጠፍቶም ያንጠባጥብ ነበር፣ ከሥሩ ባለው የወተት ጣሳ፤
ጠብ... ጠብ... እየዘገየ። ከቅጂው ሊያወጣው ታግሎ ታግሎ፣ ዘይኑ እጅ አነሳ፤
ዜማውን ከጠብታው ጋር አዘገየው፣ እስኪነጥፍ።
ዛሬ ልጆች በኮምፒዩተር ያስመስሉታል፣ ስም ሰጥተውት በጽሑፍ።
ጣሳ ነው።

ሲዲውን ናይፍ ያለ ሱዳናዊ ባለሱቅ አባዛው። ሽፋኑ አበባ ነው፣ ፊት የለው፤
ስሟን ራሷ ናት ያስፋቀችው፣ «ማዳም ብትሰማስ?» ብላ ለምናው።
በሁለት ወር ከአጅማን እስከ ኩዌት በየታክሲው ተከፈተ።
እሷ የሰማችው፣ የማዳሟን ልጅ ከትምህርት ቤት ስታመጣ፣ ከሾፌሩ ራዲዮ ነው አሉ፤
የልጁን ቦርሳ ታቅፋ፣ ከኋላ ወንበር።
«ታውቂያታለሽ?» ቢላት፣
«ድምጿ ይሻክራል» አለችው።
በቀጣዩ ወር ዓርብ ጠበቅናት። ስልኳ አይጠራም።

አሁን ስቱዲዮው ዱባይ ነው፣ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ፤ ብርዱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅ።
«ማጥፊያው የት ነው?» ብለው ሳቀ፣ ጥርሱ እስኪወልቅ።
መስታወቱ ወዲያ አንድ ስመ ጥር ይዘፍናል፣ ካፖርት ደርቦ፣ ሳያልበው።
ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሲሆን
የዘይኑ እጅ ሳያውቀው ተነሳ።
የኔም ጣት ባዶ ግድግዳ ተጫነ።

ልጆቿ ሦስት ነበሩ።
የሁለቱን ስም እስከ ዛሬ ይዣለሁ።