ቁልፍ

ወንድሜ ሙሔ በዚህ ጥቅምት፣ አርባ አራት ዓመት ሞላው፤
ሽበት ገብቷል ጢሙ መሐል፣ እሱ ግን ልብ አላለው።
እሑድ እሑድ በማለዳ፣ እኔ ነኝ የምላጨው፤
ጦሳ ጉሙን ሳይገልጥ፣ ባጃጅ መጮህ ሳይጀምር፣
ጡሩንባ የሰማ እንደሆን፣ ጆሮውን ይዞ ቁጭ ነው ከምድር።

አራዳ፣ ከስፌት መኪናዬ ጥግ፣ ዱካ አለችው የራሱ፤
ቁልፍ ይለያል ቀኑን ሙሉ፣ በየቆርቆሮው በየጣሳው፣
ባለ ሁለት ዐይኑን ለብቻው፣ ባለ አራት ዐይኑን ለብቻው።
እኔ ነኝ የምሳሳት፣ መሽቶ ሲደክም ዐይኔ፤
«አራት» ይለኛል፣ ሁለቱን ካነሣሁ። «አራት። አራት።»
ይኸው ነው ወጋችን፣ የሱና የኔ።

ማዕከል ተከፈተ ሲሉኝ፣ ከሆጤ በታች፣ ጊቢው ያማረ፣
እጁን ይዤ ሄድኩ፤ ሙሔ ያኔ ሠላሳን አልፎ ነበረ።
ልጅቷ ደግ ናት። ወንበር ሰጠችን፣ ውሃ ቀዳች ለርሱ፤
ቅጹን ግን አጠፈችው፤ «እስከ አሥራ ስምንት ነው» አለች፣
ዐይኗን ሳታነሣ ወደሱ።
«የወተት ጥርስ ነው እንዴ፣ ዕድሜው ሲደርስ የሚወልቅ?»
አልኳት። አንገቷን ደፋች። ምን ታድርግ፣
እሷ ደመወዝተኛ ናት፤ ደንብ አታረቅቅ።

ቅሬያችን ለሞተ ጎበዝ ነው። እውነቱን ልናገር።
እናታችን ያረፈች ሌት፣ ድንኳኑ ቆመ ሳይነጋ፤
ድስቱ መጣ፣ አግዳሚው መጣ፣ ሰው በየጥጉ ተረጋ።
ሙሔ ግን ጫጫታውን ሸሽቶ፣ አልጋ ሥር ገባ ተጣጥፎ፣
ጣሳውን በደረቱ አቅፎ።
በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ፤
እሱ ገና አልጋ ሥር ነበር።
ለዚያ የሚሆን አንቀጽ በደንቡ ውስጥ የለ።

ባለፈው ስብሰባ እጄን አወጣሁ።
ሐምሳ ስምንት ነኝ፤ ግፊት አለብኝ፣
ዳገት ስወጣ ሁለቴ ሦስቴ እቆማለሁ።
«ዳኛችን አቶ አምባው፣ እኔ ስሞት ድንኳን አትትከሉ፤
ንፍሮውም ይቅር። ወጪውን ለሙሔ ኑሮ አውሉ።
ጠዋት ማን ይቀሰቅሰዋል? ክኒኑን ማን ይቆጥራል?
ብላ ካላሉት አይበላም፤ ሲርበው ዝም ይላል።
ለቀብር ተረኛ አላችሁ፤ ለቀረውስ ተረኛው ማነው?
እዚህ ሰፈር እኔ የማውቃቸው እንኳ ስድስት ናቸው፤
የወይዘሮ ጦይባ ልጅ፣ ፀሐይን በመስኮት የምታውቃት፣
የሥጋ ሻጩ የአቶ ውድነህ መንታዎች…
የሌሎቹን ስም አልጠራም፤ ወላጆቻቸው እዚሁ ተቀምጠዋል፣
ማንም ልጅ አላቸው አይልም፣ ዛሬ ሲያያቸው።»

ጉባኤው ዝም አለ። አንዱ «አላህ ያውቃል» አለ፤
ከወዲያ ደግሞ ሌላው፣ «አይዞሽ፣ እግዜር አለ።»
«አላህም አለ፣ እግዜርም አለ» አልኩ፤
«ማክሰኞ ጠዋት ግን ሰው ያስፈልጋል።»

ጸሐፊው ተማም መዝገቡን ገለጠ፤ የት እንደሚጽፈው ቸገረው፤
የከፈለ፣ ያልከፈለ፣ የተቀጣ፣ የቀረ፤ ከዚህ ሌላ ዐምድ የለው።
ወዲያ ወዲህ አገላብጦ፣ «ቀሪ» ከሚለው ሥር አሰፈረው።
ዳኛው «ለመጪው ወር ይታይ» አለ። ተበተንን።

ማክሰኞ ጠዋት አቶ አምባው፣
ቁልፉ የረገፈ ካፖርት ይዞ ብቅ አለ ሱቄ ድረስ፤
ከሙሔ ጎን ቁጢጥ አለና ከጣሳው አንድ አነሣ።
«አራት» አለው ሙሔ።
ሰውዬው ደነገጠ፤ የያዘውን አየ፤ መለሰ።
ባለ አራት ዐይኑን አነሣ። ሙሔ ዝም አለ።
እንደዚያው ቁጭ እንዳሉ ረፈደ።
ለካፖርቱ አላስከፈልኩትም፤ እሱም ነገ እመጣለሁ አላለ።

የቤቱን ቁልፍ ሁለት አስቀርጫለሁ።
አንዱ አንገቴ ላይ ነው። ሌላውን ለማን እንደምሰጥ ሳስብ
ጠረጴዛ ላይ ረሳሁት፤
ማታ ስፈልገው፣ ከሙሔ ዕቃ መሐል፣
በአንዲት ባዶ የቅባት ክዳን ላይ ለብቻው ተኝቶ አገኘሁት።
ለይቶታል፦
ባለ አንድ ዐይን።