መንገዱ ነው

የጥጥ ብናኝ ይዟል የሻሿ ጠርዝ፤
ከቀን ፈረቃ ነው የወጣችው ገና።
ባዶ ምሳ ዕቃዋን ደረቷ ላይ አቅፋ
ወንበሩን ቃኘችው፣ ፊታችንን ቃኘች፤
ከፊትም ከኋላም ክፍት ቦታ እያለ
ሽበቴን አይታ ከጎኔ ተቀመጠች።

ረዳቱ ትርፍ ጫነ፤ "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ!
ከዚህ በኋላ ታክሲ የለም እስኪነጋ!"
በወዲያ ጎኗ ባለ ጃኬት ገባ፤
ለሦስት በተሠራው አራት ሆነን ታጨቅን።

ሐረጎ ጀመረ፤ ኩርባው በላይ በላይ።
ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ወደቀ እሷ ላይ፣
ወደ ግራም ስንታጠፍ ወደቀ እሷው ላይ።
(የመሬት ስበት እንኳ ለወንድ ያደላል?)
ከዚያ መንገዱ ቀና፤
እጁ ግን አልቀና።

"ኧረ ጋሼ!" አለች።
ለሱ ይሁን ለኔ፣ ዛሬም አልለየሁም።

ሾፌሩ በመስታወት አየን፤ ዘፈኑን ከፍ አደረገ።
ከፊት የተቀመጠው፣ ጋቢ የደረበው፣
"ሴት ልጅ በዚህ ሰዓት..." ብሎ ጀመረና
የቀረውን ለጉሙ ተወው።
ረዳቱ ሳቀ።
አሥራ ስድስት ቢሆነው ነው፤ ሳቅ ከኛ ነው የሚማረው።

እኔስ?
"ቻይው ልጄ፣ መንገዱ ነው" አልኳት።
መንገዱ!
ሠላሳ ዓመት የወጣሁ የወረድኩበት፣
ኩርባውን ዓይኔን ጨፍኜ የምቆጥረው፤
አስፋልት ጣት እንደሌለው ጠፍቶኝ ነው?

"ወራጅ አለ!"
ቤት በሌለበት፣ መብራት በሌለበት።
በሩ ሲከፈት ጉም ገባ፣ እሷ ወጣች።
እስከ ደሴ ነበር ሒሳቡን የከፈለችው፤
መልስ የሰጣት የለም።

ባለ ጃኬቱ እግሩን ዘረጋ፤
"እፎይ፣ ሰፋልን" አለኝ።
እኔም፣ አላህ ይየው፣ ራሴን ነቀነቅኩለት።

ሉባባ በር ከፈተችልኝ።
ሰኞ ፋብሪካ ትገባለች፤ ጫማዋን አጥባ ደፍታዋለች ደጃፍ ላይ።
አፌን ከመክፈቴ በፊት
"አውቃለሁ አባዬ" አለች እየሳቀች፣
"ሽበት ያለው ሰው ፈልጌ
ከጎኑ ነው የምቀመጠው።"

ማን አስተማራት? እኔ።

ኮቴን ሳወልቅ፣ በግራ ትከሻዬ፣
ትንሽ የጥጥ ብናኝ።
ላራግፈው እጄን አነሣሁ፤
እዚያው አየር ላይ ቀረ እጄ።