የባለቤት ስም

በንጋት ተነሣሁ ከጅማ መናኸሪያ፣
ሜትር በኪሴ ይዤ፣ እርሳስ ለመመዝገቢያ፤
ከቢሮ የተሰጠኝን ባለ ማኅተም ፎርም
በፌስታል ጠቅልዬ፣ ዝናብ አይታመንም።

እስከ ሰቃ በሚኒባስ፣ ከሰቃ በሞተር፣
ሞተሩ ሲለግም፣ በእግር ጭቃ ስቆጥር፤
ጉሬዛው ከዝግባው ጫፍ፣ ነጭ ካባ ለብሶ፣
አርፋጅ ዲያቆን መስዬው
ገላመጠኝ፣ ፊቱን አድርጎ ኮሶ።

«የስድስት መቶ ዓመት ደብር» ነበር የተባልሁት።
ደርሼ ያገኘሁት
አንድ ግድግዳ፣ ግማሽ ቅስት፣
ደጅ የሌለው መድረክ፣ ላዩ ሽበት፣ ሽበቱ ሽበት፤
በዙሪያው በቆሎ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣
መሐሉ ግን ባዶ፣ ክፍት ለሰማይ።
የማረሻው ፈር እዚያ ሲደርስ ይታጠፋል፣
ቅጥሩን አይነካም፣
እንደ ዑደት ዞሮ፣ ዞሮ ያልፋል።

ከአገዳው መሐል አባ ዲጋ ብቅ አሉ፣
ቆብ በራሳቸው፣ ማጭድ በክንዳቸው እንዳንጠለጠሉ።
«አሰላሙ ዓለይኩም።» «ወዓለይኩም ሰላም።
ከመንግሥት ነህ?» «አዎ።»
«ታዲያ ጫማ ብታወልቅ መንግሥት አይቆጣህም።»

አፈርሁ።
በአርባ ቀኔ የተጠመቅሁት እኔ፣
በጫማ የገባሁት እኔ።

በባዶ እግሬ ለካሁ። ሜትሩን በአንድ ጫፍ እሳቸው ያዙልኝ።
የእሳቸው አማርኛና የእኔ ኦሮምኛ
ተደጋግፈው ቆሙ፣ እንደዚያ ግድግዳ፣ እንደ ጉልበተኛ።

ርዝመት፦ አሥራ አንድ ሜትር ከስንዝር።
ዘመን፦ «አባቴን ብትጠይቀው፣ እሱም አባቱን ይጠይቅ ነበር።»
የደብሩ ስም፦ አይታወቅም።
የባለቤት ስም፦
«ወጣ ብለዋል በል፤ ሞተዋል አትበል፣ አላየንም።»

ከዋንዛው ቅርንጫፍ፣ በጠፍር የታሰሩ፣
የድንጋይ ደወሎች፤ ሁለቱ ተሰብረው ቀሩ።
ሦስተኛው ደህና ነው፤ ወገቡ የሚያበራ
ከመመታት ብዛት።
«ለዝንጀሮ ነው» አሉኝ፣ «በቆሎው ሲያፈራ
አንድ ጊዜ ካልሁት መንጋው እስከ ተራራ።»

ዝም አሉ። ማጭዱን ከክንዳቸው አወረዱ።

«ግን ደግሞ በዓመት አንድ ሌሊት
በቆሎም ሳይኖር፣ ዝንጀሮም ሳይመጣ፣
ጥር አሥራ አምስት ላይ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ፣
ሦስት ጊዜ እመታለሁ።
አባቴ ይመታ ነበር። አያቴም እንዲሁ።
ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤
አደራ ነው ያሉት።
የሄዱት ሰዎች ናቸው፣ "እስክንመለስ" ብለው የሰጡት።»

ጥር አሥራ አምስት።
ፎርሙ ላይ የጻፍሁትን አየሁት፦ «አይታወቅም።»
ሰው የረሳውን ስም
አንድ ድንጋይ በዓመት አንዴ ሲጠራው ኖሯል፣
ጠሪውም አያውቅም።

«ቂርቆስ ነው» አልኋቸው። «የማን ልጅ?» አሉኝ።
የኢየሉጣ፣ አልሁ፤ ከሚፈላው ጋን ዳር
እናቱ ስትፈራ «አይዞሽ» ያላት፣
ሦስት ዓመቱ ነበር።

«ሦስት?»
ደወሉን በመዳፋቸው ደገፉ፣ እንዳይወዛወዝ፣
ነፋስ ሳይኖር።
ብዙ ቆዩ።
«ሕፃን ከሆነስ» አሉ፣
«ከእንግዲህ ቀስ አድርጌ እመታለሁ።»

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ ፎርሙን መለሱት፦
«ባለቤት የሚለው አልተሞላም።
"ወጣ ብለዋል" የሚባል መልስ የለም፣ በመዝገብ አይገባም።»
ስሙንም በእርሳስ ስለጻፍሁት፣ ማስረጃ አይሆንም።

ጥር መጣ።
ከሕርማታ ገበያ ጀርባ፣ በተከራየኋት ክፍል፣
የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲጮህ፣ ባጃጅ ሲያልፍ፣ ሲመለስ፣
ከእንቅልፌ ነቃሁ።
አይሰማም። አውቃለሁ። መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣
ያውም ቀስ ተብሎ የተመታ።
ግን ሲሚንቶው ላይ ቆሜ፣ በጨለማ፣
ነጠላ ጫማዬን አወለቅሁ።