ደንብ ቁጥር ሰባት

ሻርጃ፣ ሰናያ አሥራ ሦስት፣ የአንሶላ ማጠቢያው ቤት፣
የሰባት ሆቴል እንቅልፍ በአንድ በርሜል የሚፈላበት።
ሚስተር ቫርጊስ ጠራኝ ከመተኮሻው ኋላ፣
አንገቱ ላይ ፎጣ፣ እጁ ላይ ወረቀት፣ ግንባሩ ላብ የሞላ፦
«አንቺ አሥራ ሁለተኛ ጨርሰሻል አሉ፤
ይህን በሐበሻ ጻፊልኝ በሙሉ።»
ሦስት ገጽ። በዐረብኛ አለ፣ በእንግሊዝኛ፣ በኡርዱ፤
ወደ እኛ ሲመጣ ብቻ ጠፍቶበታል መንገዱ።

አንድ። ስልክ በሩ ላይ ባለው የብረት ሣጥን ይገባል፤
ቁልፉ አለቃ ዘንድ ነው። ይዞ የተገኘ ይቀጣል።
ይህስ ቀላል ነበር። «ቁልፍ» ብዬ ጻፍኩና ግን ቆየሁ፤
የሚዘጋውም የሚከፍተውም በአንድ ስም መጠራቱን አየሁ።

ሁለት። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ቲክቶክ በሥራ ቦታ ክልክል ነው።
ስንዱን አሰብኳት፤ በማያውቋት ሙሽሮች አንሶላ ተጠቅልላ፣
አንገቷን ሰብራ የሳቀችውን፣
የሦስት ቀን ደሞዝ ያስቆረጠባትን ሳቅ።

ሦስት። የድርጅቱ ኢንተርኔት ለድርጅቱ ሥራ ብቻ።
አራት። ስለ ኢሜይል አጠቃቀም።
የእኔን የከፈተው ደላላው ነበር፣ ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ካፌ፤
የይለፍ ቃሉን በልቡ ይዞት ቀረ።
ደብዳቤ ቢመጣልኝ የሚያነበው እሱ ነው፤
ደግ ነገር ከሆነ ደስ ይበለው።

አምስት። ድርጅቱ የሠራተኛውን መልእክት፣
እዚህ ቃል ላይ እራቴ ቀዘቀዘ።
ይከታተላል? ይጠብቃል? ያደባል?
እናትም ትጠብቃለች፣ ወጥመድም ይጠብቃል።
«ይመለከታል» አልኩና አለፍኩት፤
ዐይን ያለው ሁሉ ይመለከታል።

ስድስትን ዘለልኩት፤ ስለ ማተሚያ ማሽን ነው፤
እኛ ምን እናትማለን፣
ክንዳችን ላይ ከሚቀረው የመተኮሻ ጠባሳ በቀር።

ሰባት። ለአስቸኳይ ጉዳይ ቤተሰብ በቢሮ ስልክ ይደውል።
ይቺን ወደድኳት። አጉልቼ ጻፍኳት፣ ሁለቴ አሰመርኩባት።
ያን ሌሊት ቁጥሩ ከአልጋ አልጋ ዞሮ ባሕር ተሻገረ፤
ቢስቲማ ላይ የዘምዘም እናት፣ ፊደል ያልቆጠሩት፣
በጎረቤት ልጅ እጅ፣ በበራቸው መቃን በከሰል አስጻፉት።

ማክሰኞ ደወሉ።

ረቡዕ ወረቀቱን ላስረክብ ስገባ የቢሮው መዝገብ ተከፍቶ ነበር፦
«ስድስት ጊዜ። ሴት። ታለቅሳለች።
የማይታወቅ ቋንቋ። የተሳሳተ ቁጥር።»
ማታ ሣጥኑ ሲከፈት
የወንድሟ ጀናዛ ከወጣ አራት ሰዓት አልፎት ነበር።
እኛ ከአገር ቤት በአንድ ሰዓት እንቀድማለን፤
ያን ቀን እንዴት ወደ ኋላ ቀረን።

ስልክ የምታነሳው ማሪቴስ ናት፣ ፊሊፒናዊት።
አልተቆጣኋትም። ምሳ ሰዓት ላይ፣
ዳቦዋን እያኘከች፣
አንድ ቃል አስተማርኳት፣ አንዲት ብቻ።

ከዚያ ከዋናው የሌለ ጨመርኩ፦
ስምንት። ስልኩን የምታነሳዋ «ቆዩ» ትላለች።
ቤታችሁ ንገሩ፣ እንዳይዘጉ።
ዝም ያለች ሲመስላቸው እኛን ልትጠራ ሮጣ ነው።

ሚስተር ቫርጊስ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው፤
«ፊደላችሁ ያምራል» አለ፣
ማህተሙን እፍ ብሎ መታበት።

ዛሬ ግድግዳው ላይ ነው፣ ከእሳት ማጥፊያው ጎን።
ማሪቴስ «ቆ» አይወጣላትም፣ «ኮዩ» ትላለች፤
እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ወደ እንፋሎቱ ትሮጣለች።
ባሕር ማዶ፣ ካርዳቸው እያለቀ፣
ፀጥታውን ጆሯቸው ላይ ይዘው
እናቶቻችን ቆዩ።