ጎረቤት ለዲስከስ

ደሴ ላይ ሐምሌ ነው፤ ጦሳ ጉም ደርቧል፣
የሸዋ በር መንገደኛ ኮቱን ቆልፏል፤
እኔ ቤት ግን አለች የመስታወት ቆላ፣
ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ፣ ከደጁ አየር ሌላ።

አምስት ዲስከሶች ናቸው፣
የጣርማ በርን ብርድ በረዳቱ ጭን ያለፉ፣
በላስቲክ ውሃ ውስጥ፣ በጋቢ የታቀፉ።
ሲደርሱ ጠቁረዋል፤ ፍርሃት ይሁን ብርዱ፣
ሦስተኛው ቀን ላይ ነው እጄን የለመዱ።
ሰሐን ያክላሉ፤ ክብ ናቸው፣ ጠፍጣፋ፣
አይቸኩሉም ከቶ፣ ቀን እንደማይጠፋ።
(እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤
እንዲህ ያለ ዝግታ ሳይ እጄ ያርፋል።)

ውሃው ግን ለአምስቱ እጅግ ሰፋባቸው፤
"ጎረቤት ፈልግ" አሉኝ ያዩዋቸው።

ለልጄ ያልቆጠርኩትን ሰባት ቤት ቆጠርኩ ለዓሣ፦
ማነው? የማን ዘር ነው? ምን በላ? የት አደረ?
ጠባዩስ ምግብ ፊት እንዴት ነበረ?

ወርቅ ዓሣው ቀረበ፤ ጌጠኛ፣ ጨዋ፣ ደህና፣
ግን የደጋ ልጅ ነው፤ ብርድ ይስማማዋልና።
እሱም አላጠፋ፣ እነሱም አላጠፉ፣
ሙቀት ነው የለያቸው።

ባለ ነብር መስመሩ፣ ባርብ የሚሉት ደግሞ፣
ክንፍ ይነጫል ሲሰለቸው፣ ከኋላ ተጠግቶ ቆሞ።

ጦይባ፣ የእንድሪስ ሚስት፣ ግድግዳ የምትጋራኝ፣
"ያቺ መልአክ መሳይዋስ?" ብላ ጠየቀችኝ።
"ዘመድ ናት" አልኳት፣ "ያንድ ወንዝ ልጆች ናቸው፤
እሷ ላይ የማይታይ ተባይ ነው የሚፈጃቸው።"
ሳቀች። "አወይ ዘመድ!" አለች።

መስታወት የሚልሰው፣ አፉ ሰፊ፣ ዝም ያለ፣
ቀን ሙሉ ከግንዱ ሥር እንደ መናኝ የዋለ፣
እሱን አመንኩና አስገባሁት አንድ ማታ።
ሌሊት በባትሪ ባይ
ተጣብቆ አገኘሁት ከትልቋ ገላ ላይ።
የዲስከስ ልሐጭ እኮ ወተት ነው፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ
ከናት ካባት ቆዳ ላይ ተለጥፈው ነው የሚበሉ።
የልጅ ቀለብ ነበር ዝምተኛው የሚመጠው።
ከዚያ ወዲህ ዝምታን
ጨዋነት ነው ብዬ ቶሎ አልፈርድለትም።

መስከረም ላይ ሉባባ፣ የጦይባ ልጅ፣ መጣች፣
ሐይቅ ሄዳ ኖሯል፣ አጎቷ ጋ ሰንብታ፤
በሃይላንድ ሦስት ቆሮሶ፣ ጣት የሚያካክሉ፣
"ለርስዎ ነው" ብላ ሰጠች።
ፊቴን አየችና፦
"ይናከሳሉ?"
"አይናከሱም።"
"ታዲያ?"

ሰባት ቤት ስቆጥር ይቺን "ታዲያ" አልተዘጋጀሁባትም።
"ቶሎ ይበላሉ፣ ልጄ። የኔዎቹ ቀስ ብለው
ዞረው፣ አሽትተው፣ ትተው፣ ተመልሰው ነው።
ክፋት የለባቸውም፤ ግን እነዚህ ሳይጀምሩ
እነዚያ ይጨርሳሉ።
ሳይነክሱም ማስራብ አለ።"
ዝም አለች። ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ያዘች።
ግቢ ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ ሰማያዊ ሳፋ ሞላንላቸው።

በመጨረሻ ሃያ ቴትራ፣ የክብሪት እንጨት ቁመት፣
አርባ ቀን ለብቻቸው እንደ አራስ ቆዩበት፤
ከታች ስድስት ኮሪዎች፣ ጢማም፣ አሸዋ ፈታሽ፣
ከትልቅ ማዕድ በታች ፍርፋሪ ለቃሚ፣ አዳሽ።
ሙቀቱን ወደዱት። ማንም ማንን አልቸኮለበት።

ኅዳር አጋማሽ ላይ መብራት ሄደ ሌሊት፤
ሃያ ሰባት አለ፣ ወረደ ሃያ አምስት።
ግድግዳው ተንኳኳ። "ጋሽ አበጋዝ! በረዳቸው?"
ጦይባ ናት፤ ፔርሙሱን ሙቅ ውሃ ሞልታላቸው።
በዚያው በሉባባ ሃይላንድ ቀድተን አንሳፈፍነው፣
ቴትራዎቹ መጥተው ከሥሩ ሲሰበሰቡ አየነው፤
ዲስከሶቹም ኋላ፣ በዝግታ፣ እንደ ልማዳቸው።

ሉባባ በሻማው ብርሃን ስትቆጥር ቆየችና
አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመች፦
"የኔዎቹስ?"

ውጪ ውርጭ ነበር። እንድሪስ ባንድ ጎን፣ እኔ ባንድ ጎን፣
ሳፋውን እያንቦጫረቅን አስገባነው፤
ከመስታወቱ ሥር አኖርነው።
አንድ ክፍል፣ ሁለት ውሃ።