ማን ሞቶ ነው?

የእድራችን ድንኳን፣ አሥራ ስምንት ዓመት
በኔ ጀርባ ዞረ፣ ከዚህ ቤት እዛ ቤት።
ካስማውን ቆጥሬ፣ ሸራውን አጥፌ
ስንቱን ሰው ሸኘሁት፣ ምሰሶ ደግፌ።
ሠልስት በወጣ ማታ፣ ሰው ሁሉ ተሸኝቶ
ልነቅል ስጠጋ፣ ፋኖሱ ተነሥቶ፣
የሟቹ የልጅ ልጅ፣ ከሸራው ሥር ሆና
"ዛሬም እዚህ እንደር" አለችኝ ለምና።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ፣ እንቅልፍ አጣሁ እኔ፤
ይመላለስ ጀመር፣ ሸራና ሰማይ ባይኔ።

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ገዛሁና ማታ
ቁጥር ደረደርኩ፣ ሻማው እስኪረታ፦
ዘጠኝ ድንኳን በሁለት፣ አሥራ ስምንት ትራስ፣
ብርድ ልብስ በድርብ (ከእንጦጦ ጀርባ ነፋስ
ጥርስ አለው ሱሉልታ፣ አጥንት የሚቀምስ)።
መጸዳጃ ሁለት፣ የወንድና የሴት፣
በቆርቆሮ ጥላ፣ አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት።
"ውኃ ከየት?" ብዬ፣ ጻፍኩና ከሥሩ
ሁለት ጊዜ አሰመርኩ፣ ጠጥሮብኝ ነገሩ።
"ገቢ" ያልኩት ገጽ ግን፣ ባዶውን አደረ፤
ጥሩዓለም አየችው፣ ሳቋ ተጀመረ፦
"አንተ ሰው፣ ደህና ነህ? ቤት ያለው ሰው ሁሉ
ሜዳ ላይ ሊተኛ፣ ብር ይከፍላል አሉ?
ሜዳ ማደርማ፣ በነጻ ሞልቶልሃል፤
በሌሊት ለገሃር፣ ብትወጣ ይታይሃል።"
እውነቷን ነበረ፣ ምንም አልመለስኩም፤
ደብተሩን ዘጋሁት፣ ሐሳቡን አልዘጋሁም።

ንግድ ቢሮ ሄድኩ።
የመስኮት አራት ልጅ፣ ኮምፒዩተር ከፍታ
ዘርፍ አጣች ለሥራዬ፣ ፈልጋ ዋትታ።
"ሆቴል ነው?" "አይደለም፣ ግድግዳ የለውም።"
"መጋዘን?" "የሰው ነው፣ ዕቃ አይገባበትም።"
"ታዲያ ምን ልበለው?" አየችኝ አፍጥጣ፤
"ድንኳን ማከራየት" ብላ ሰጠችኝ ቆርጣ፣
ከሥሩም በቅንፍ፦ "ለሰርግና ለለቅሶ"።
ፈቃድ ያው ፈቃድ ነው፣ ይውጣ ስሙን ለብሶ።

ኦቦ ገመዳ ደጉ፣ ድንች ያኮረፈው
አንድ ቁልቁለት ነበራቸው፣ ድንጋይ የበረከተው።
"በሬ እምቢ ያለውን፣ ሰው ይተኛበታል?"
ብለው ሳቁ፤ ግን ፈረሙ። ሳቅም ውል ይሆናል።
ጥሩዓለም ስትስቅ ከርማ፣ አንድ ቀን መርፌ ይዛ
የሸራውን ቀዳዳ፣ ትጠቅም ጀመር በዋዛ።
ጉድጓድ ስንቆፍር፣ ሁለት ዶማ ተሰበረ።
አጥሩን ለጅብ አጠርን፤ ጅቡ ግን አልሰማ፣
ሥራችንን ሊገመግም፣ ይመጣል በጨለማ።

በጥቅምት መባቻ፣ ቅዳሜ ወደ ማታ
ስድስቱ ቆመዋል (ሦስቱን ነፋስ መታ)።
አራት የባንክ ልጆች፣ በትንሽ መኪና
"እዚህ ነው ወይ?" ብለው፣ አልወረዱም ገና፤
እሳት እያያያዝኩ፣ ጭሱ ሲያስነጥሰኝ
ከላይ ከመንደሩ፣ የሰው ሰልፍ ታየኝ።
ነጠላ ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ በጋቢ፣
አዴ ደሚቱ መሪ፣ ጎረቤት አጃቢ፣
አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ቆሎም በሰፌዱ።
"ማን ሞቶ ነው?" አሉ፣ ደጃፌ ሲወርዱ።

"ማንም አልሞተም" ማለት፣ እንዴት ይከብዳል!
ድንኳን ቆሞ ሳለ፣ ማን ይህን ያምናል?
"ሰርግ ነው?" "አይደለም።" "ታዲያ ምን?" "መተኛት።"
ዝም አሉ። ተያዩ። ነፋስ ሸራዋን መታት።
አንዷ የባንክ ልጅ፣ ሳቅ አምልጧት አፈነች፤
አሮጊቷም አየች፣ አየችና ሳቀች፣
ነጠላዋን ገልብጣ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤
"ከመጣን አይቀርም" ብላ፣ ቆሎ ዘገነች።

እሳቱ ሲጋጋል፣ ጠጋ አለች በቀስታ።
"ስንት ነው?" አለችኝ፤ ነገርኳት በፍርሃት።
"የምኑ? የሸራው?" እኔም አልኳት፦ "የሌሊት።"
ቀና ብላ አየች፣ ኮከብ ተነጥፎበት፤
"ይህኛውስ የማን ነው? ገመዳ አለበት?"

ሲነጋ ደብተሬን፣ "ገቢ" ያልኩበትን
ገለጥኩና ጻፍኩ፣ አራት ሰው ማደሩን፤
ከሥሩም በቅንፍ፦ ጀሪካን ውኃ፣ አንድ፤
የተቆላ ገብስ፣ ጢም ያለ ሰፌድ።
ወጪ፦ ጅብ የበላው፣ አንድ የጠፍር ገመድ።