የመሮው ጥላ

ድሬ ላይ ፀሐይ ነች ቀድማ ሥራ የምትገባ፤
እኛ አትልዬው በር ስንደርስ፣ ከከዚራ ጣቢያ ጀርባ፣
ሞርሳው ግሎ ይጠብቀናል፣ መስፉ ግሎ፣ ላሜራው ግሎ፤
ጋሽ ወርዶፋ ቁልፉን ያዞራል፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ።

ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤
በነጭ ቀለም የተሳለ፣
የመዶሻ፣ የሰጌቶ፣ የፒንሳ፣ የጉጠት ጥላ።
«ማታ ሰሌዳው ሳይሞላ
ማንም ቤቱ ገብቶ አይበላ።»
አንዱ ግን አይሞላም ነበር፤ ከሞረዱ በስተግራ
ሽንጣም፣ ጠባብ የመሮ ምስል፣ ባዶውን ባለቤት ሲጣራ።
በየዓመቱ ግንቦት ሲብት፣ ብሩሽ ነክሮ ያድሰዋል፤
መሮው የት ሄደ ያለውን፣ ሳይመልስ ያፈጥበታል።

ያኔ አሥራ ስድስት ነበርኩ፤ ሽርጥ አገልድሜ መጣሁ፤
«ሽርጥ ለበርጫ ነው» አለኝ፤ ከበሩ ተመልሼ ወጣሁ።
ቱታ ተውሼ ስመለስ፣ እጅጌዬን ሁለቴ አጥፎ፣
እጀታ የሌላትን ሞረድ ከመዳፌ ላይ ገፎ፣
«ጭራዋን ታያለህ?» አለኝ። «መዳፍ ትበሳለች።
እንጨት ጎርሳ ካልመጣች፣ ሞረድ ሳትሆን ጦር ነች።»

«የላላ መዶሻ አትንካ፤ ራሱ የላላ መዶሻ
ምስማሩን ትቶ ይሄዳል፣ የሰውን ግንባር ሲሻ።
ውሃ ውስጥ ነክረህ አታሳድር፤ ለዛሬ ያብጣል እንጨቱ፤
ነገ በድሬ ሐሩር ሲደርቅ፣ መልሶ ነው መላላቱ።
ሰጌቶ ሲሄድ ነው የሚበላ፤ ሲመለስ አታስጨንቀው፤
ሞርሳው ያልነከሰው ብረት፣ ያንተ ጉልበት ነው የሚያልቀው።
የቀላ ብረት አያታልል፤ ቀልቶ ነው የሚመጣ በግልጥ፤
ጠቁሮ ዝም ያለውን ፍራ፤ እሱ ነው መዳፍ የሚልጥ።
ብናኙን በአፍህ እፍ አትበል፤ ዓይንህ ውስጥ ነው ሰፈሩ፤
ብሩሽ ካለቀ ብሩሽ ግዛ፤ ከዓይን ይረክሳል ብሩ።»

ከሰዓት ድሬ ትተኛለች፤ ጉንጫቸውን ወጥረው የሚገቡ ነበሩ፤
ጋሽ ወርዶፋ መዶሻቸውን ይቀበላል፣ ቆሞ ከበሩ።
«የመረቀነ እጅ ሁሉን ያውቃል፤
ጣቱን ብቻ ይረሳል።»

አንድ ቀን የዛገ ብሎን፣ አልፈታ ብሎኝ ስታገል፣
ከጠረጴዛው ሥር አሮጌ መሮ አገኘሁ።
ስንት ዘመን ተቀጥቅጦ፣ ራሱ እንደ እንጉዳይ አብቦ፣
ጠርዙ ወደ ታች ተቀልብሶ፣ ለመርገፍ ሰበብ ይጠብቃል።
አንዴ መታሁ።
ሁለተኛውን ልደግም ስል፣ እጄ አየር ላይ ቀረ፤
ክንዴን ይዞታል። አልጮኸም። ከንፈሩ ብቻ ጠቆረ።

«ዋበሪ» አለ።
ስሙን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።
«እሱ መሮውን ያዢ፣ እኔ መቺ ነበርን፤
የሽመንደፈር ፉርጎ ሥር፣ ተንበርክከን።
ጠዋት ‹ራሱ አብቧል፣ ድንጋይ ላይ አስተካክለው› ብሎኝ ነበር።
‹ነገ› አልኩት።
ፍንጣሪዋ፣ ልጄ፣ ጤፍ አትሞላም።
ሁለት ዓይን ይዞ የገባ ሰው፣ አንዱን ይዞ ወጣ።
መሮውን ደቻቱ ጣልኩት፤ ጎርፉም ወሰደው።
ጥላውን የሚወስድ ጎርፍ ግን አልመጣም።»

ከዚያ መሳያው ድንጋይ ጋ ወሰደኝ፤ መነጽሩን ራሱ አጠለቀልኝ፤
እንጉዳዩ ተልጦ እስኪያልቅ፣ ከአጠገቤ አልተለየኝ።

አሁን ሳቢያን ነኝ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ።
አትልዬው ዝም ሲል ሰሌዳውን ልለምን ሄጄ ነበር፤
ከማገዶ ጋር ሸጠውታል።
በትዝታ ሌላ ሳልኩ፤ ቀድሜ የሳልኩት ባዶውን ነው።

ዛሬ ጠዋት ነጂማ፣ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ፣
መሮ ይዛ መጣች፣ ሻሿን ቱታዋ ውስጥ ከታ።
«ራሱ ማበብ ጀምሯል» አለችኝ።
እጄ ሥራ ይዟል፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሟል፤
«ነ…» ብዬ ቀና አልኩ።
እሷ ግን መነጽሯን አጥልቃለች፤
ድንጋዩም መዞር ጀምሯል።